የንድፍ ትምህርትና የቪአር መነጽር፦ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

የንድፍ መምህርት (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዓመት የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ንድፍ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለትምህርት ክፍላችን ጥቂት የዕቃ መግዣ ገንዘብ ተፈቅዷል። ከባልደረቦቼ ገሚሱ የቨርቹዋል ሪያሊቲ (ቪአር) መነጽር፣ ማለትም ዐይን ላይ ተጠልቆ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ዙሪያውን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ይገዛበት ይላሉ፤ ገሚሱ የሥዕል ማቆሚያ፣ የጀሶ ቅርጽ፣ የስቱዲዮ መብራትና ደህና ወረቀት ይቀድማል ባዮች ናቸው። በስብሰባው ላይ የሰማሁት ሁሉ ስለ ዘመናዊነትና ስለ ኋላ ቀርነት ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በንድፍ ክፍል የሚማረው በትክክል ምንድን ነው? መነጽሩስ ያንኑ ያስተምራል ወይስ ስሙ ብቻ ንድፍ የሆነ ሌላ ሙያ?

ቀርቤ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ላይ ተማሪዎቼ ኦፕን ብራሽ የተባለውን ፕሮግራም የመሞከር ዕድል አግኝተው ነበር። ለማታውቁት፣ ይህ ጉግል ቲልት ብራሽ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሲያቀርበው የነበረው ነው፤ በ2021 ኩባንያው ማሻሻሉን አቁሞ ኮዱን በነጻ ስለለቀቀው ዛሬ በፈቃደኛ ባለሙያዎች እጅ በአዲስ ስም ይኖራል። መነጽሩን አጥልቆ በእጅ መቆጣጠሪያው አየር ላይ መስመር መሳብ ነው። መስመሩ በተሳበበት ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ዞሮ ከጀርባው ማየት፣ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ማለፍ ይቻላል።

በወረቀት ላይ እጁ የተፍታታ አንድ ተማሪ ጀበና ሣለ። ከፊት ለፊት ሲታይ ሸጋ ጀበና ነው፤ አንገቱ፣ እጀታው፣ ሆዱ፣ ሁሉም በልኩ። "እስቲ ወደ ቀኝ ፈቀቅ በል" አልኩት። ፈቀቅ ሲል ጀበናው ተበተነ። ሆዱ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ መስመር ወደ ፊት ወጥቷል፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ እጀታው ከሆዱ አንድ ክንድ ርቆ ለብቻው ተንጠልጥሏል። ልጁ አየሩን እንደ ወረቀት ነበር የተጠቀመበት። በወረቀት ላይ የምትቸገር አንዲት ተማሪ ደግሞ ሆዱን ዙሪያውን እየዞረች፣ ከታች ወደ ላይ ክብ በክብ እየደራረበች ሠራችው። የእርሷ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት ጀበና ነው።

ታዲያ ይህች ልጅ ንድፍ ችላለች? ውጤት ስጪ ብባል ለማን የተሻለውን እሰጣለሁ? ከልምዳችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

ጀሶና ከሰል

መምህርት፣ የጠየቅሽው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ዕድሜዬን በከሰል ብናኝ ውስጥ ያሳለፍኩ ጡረተኛ መምህር ነኝና መልሴ ቢረዝም ታገሡኝ።

ልጅቷ ጀበና ሠርታለች፤ ጀበና አልነደፈችም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የስኒ አፍ ክብ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ለአዲስ ተማሪ ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎች ብታስቀምጡለት ዐይኑ የሚያየው ሞላላ ነው፤ እጁ የሚሥለው ግን ክብ ነው፤ የሚሥለው የሚያውቀውን ነውና። የስኒውን ግርጌ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንዲቆምለት ብሎ በቀጥታ መስመር ይዘጋዋል። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ እየለካ፣ የአፉ ወርድ ከቁመቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ራሱ እያመሳከረ ሞላላውን እስኪያገኘው ድረስ አንድ ሴሚስተር ያልፋል። የንድፍ ትምህርት የምለው ያንን ሴሚስተር ነው።

አሁን መነጽሩ ውስጥ ግቡ። ተማሪው አየር ላይ ክብ ይሥላል፤ የእውነት ክብ። ክቡን ሞላላ አድርጎ ለዐይኑ የሚያቀርብለት ኮምፒውተሩ ነው፤ ለግራ ዐይኑ አንድ፣ ለቀኝ ዐይኑ ሌላ ምስል እያሰላ። ጎንበስ ቢል ያስተካክልለታል፣ ቢዞርም ያስተካክልለታል። ጥልቀት ያለውን ዓለም ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የማውረዱ ሥራ፣ እኛ ልናስተምረው የተቀጠርንበት ሥራ፣ ከእጁ ተወስዷል። ጣሊያናዊው የሥነ ጥበብ ሊቅ አልቤርቲ እ.ኤ.አ. በ1435 የሥዕልን ገጽ ዓለም እንደሚታይበት መስኮት አድርጎ አስቀመጠው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር በ1525 በእንጨት ላይ አስቀርጾ ባሳተማቸው ሥዕሎች ሠዓሊው ዐይኑን አንድ ቦታ ወስኖ፣ በክርና በመስተዋት እየታገዘ ነጥብ በነጥብ ሲለካ ያሳየናል። እነዚያ ሰዎች የደከሙበትን ነገር መነጽሩ ተማሪው ሳያየው ይሠራለታል። ሳያየው የተሠራለትን ነገር ተማረው ማለት አይቻልም።

የከሰሉም ነገር አለ። ወረቀት ይቃወማል። ከሰሉን ስትጫነው ይጠቁራል፣ ስትለቀው ይሳሳል፣ በጎኑ ስታስተኛው የወረቀቱን ሻካራነት ያወጣዋል። ያ መቃወም ለጣት የሚሰጠው መልስ አለ። አየር ግን አይመልስም። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ ትውልድ ያፈሩት በወረቀት፣ በከሰልና በትዕግሥት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ለጀሶው ይዋል።

---

ዲዛይነር ከለንደን

ጋሼ፣ ስለ ስኒው አፍ ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በዚያ ላይ ልከራከርዎት አልችልም። የምከራከረው ንድፍ በሙሉ ያ ብቻ ነው በሚለው ላይ ነው።

የምሠራው የኢንዱስትሪ ዲዛይን ነው። በእኛ ሙያ ግራቪቲ ስኬች የተባለው፣ በመነጽሩ ውስጥ የሚነደፍበት ፕሮግራም የዕለት መሣሪያ ሆኗል፤ የተጀመረው እዚሁ ለንደን ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በወጡ ተማሪዎች ነው፤ የመኪና አምራቹ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመኪና ንድፍ እንደሚጠቀምበት አስታውቋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንበር በወረቀት ላይ ስነድፍ የምነድፈው የወንበሩን አንድ ዕይታ ነው፤ የተደበቀው እግር ችግር ያለበት መሆኑን የማውቀው ከስንት ወረቀት በኋላ ነው። በመነጽሩ ግን ወንበሩን በራሱ ልክ፣ በቁመቴ አንጻር እሠራዋለሁ። መደገፊያው ለወገብ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ወዲያው አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። የመምህርት ሁለተኛዋ ተማሪ ያደረገችው ይህንን ነው፤ ቅርጹን ከሁሉም ወገን በአእምሮዋ ይዛዋለች። ይህ ችሎታ በወረቀት ፈተና ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ደካማ ስትባል ኖራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ ክርክር ያገባዋል። አይቫን ሰዘርላንድ የሚባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1963 በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሰው በኮምፒውተር መስታወት ላይ በብርሃን ብዕር የሚነድፍበትን ፕሮግራም ሠራ። ያው ሰው በ1968 ራስ ላይ ተጠልቆ የኮምፒውተር ምስል የሚያሳየውን የመጀመሪያ ማሳያ ሠራ፤ ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። በመጀመሪያው መሣሪያ ሰውየው መስታወቱ ላይ ይነድፋል፤ በሁለተኛው በተነደፈው ነገር መካከል ይቆማል። ሁለቱ ከአንድ ራስ የወጡ ናቸው፤ እኛም አንዱን ከሌላው ጋር ማጣላት ያለብን አይመስለኝም።

---

የላብ ኃላፊ

ስለ ሥነ ጥበቡ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ እመራለሁ፤ መነጽሮችም በእጄ አልፈዋል። ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አስቡ።

ዋጋ፦ ክዌስት 3ኤስ የተባለው የሜታ ኩባንያ መነጽር በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጣ፤ ክዌስት 3 ከአንድ ዓመት በፊት በ499 ነበር የወጣው። ያ የአሜሪካ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ መጨመሩን፣ ማጓጓዣና ቀረጡን አክሉበት። የሥዕል ማቆሚያ ግን እዚሁ አናጺ ቤት ይሠራል።

ቦታ፦ ቆሞ ለመሥራት ለአንድ ሰው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የጸዳ ወለል ያስፈልጋል። አርባ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አርባ ሰው አይሠራም፤ በቡድን መከፋፈል ግድ ነው።

ፀሐይ፦ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሥዕል ስቱዲዮ መስኮቱ ሰፊ ነው። መነጽሩን ሌንሱ ወደ መስኮት እንዲያይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት ሌንሱ የፀሐይ ጨረሩን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ ማሳያውን ያቃጥለዋል። ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። የተቃጠለው ነጥብ አይጠገንም። ከሥራ በኋላ ወደ ሣጥኑ መመለስ የክፍሉ ሕግ መሆን አለበት።

ራስ፦ ማሰሪያው ከፍ ያለ ሹሩባና ሂጃብ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ የዐይን መነጽር ያደረገ ተማሪም ማስፊያ ያስፈልገዋል። የፊት ስፖንጁ በቀላሉ የሚጠረግ ይሁን። የሚያጥወለውለው ተማሪም ይኖራል፤ ወዲያው እንዲያወልቅና ውጤቱ እንዳይነካበት አስቀድማችሁ ወስኑ።

ባትሪው ሁለት ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም ኢንተርኔትና የተጠቃሚ አካውንት ይጠይቃል፤ በዕቃው አስመጪ ላይ ተመክታችሁ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሣጥን አትክፈቱ።

---

ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ

ጋሼ ጀሶና ከሰል የተናገሩት ልቤን ነካኝ፤ ነገር ግን አንድ ጎደሎ አይቼበታለሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ሥዕልን የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። በእኛ የግድግዳ ሥዕል ላይ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ከፊት ለፊት ይታያሉ፤ ማዕዱ ግን ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ተዘርግቶ ይሣላል፤ በላዩ ያለው ኅብስትና ጽዋ እንዳይሸፈን። ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ይመለከቱናል፤ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዐይን ብቻ ይኖራቸዋል። ክብር ያለው ሰው ገዝፎ ይሣላል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ቢሆንም እንኳ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ መምህር ይህንን "ፐርስፔክቲቭ ያልገባው ሥዕል" ሲለው ሰማሁ፤ ሩቁን አሳንሶ የመሣሉን ሥርዓት ማለቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዓለምን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የማውረጃው መንገድ አንድ አይደለም። የአልቤርቲ መስኮት አንዱ ነው። የእኛ አባቶች ሌላ መንገድ መረጡ፤ መረጡ እላለሁ፣ አላወቁም አልልም። መነጽሩን የምፈራው ከዚህ የተነሣ ነው። እርሱ የሚያውቀው የካሜራን መንገድ ብቻ ነው፤ ሩቅ ያለውን ሁሉ ያሳንሳል፣ ያለ ምንም ልዩነት። ቅዱሱንም ፈረሱንም እኩል ያሳንሳል። ወረቀት ላይ ግን ማን ይግዘፍ፣ ማን ይነስ፣ የትኛው ወገን ይታይ የሚለውን የሚወስነው የሠዓሊው እጅ ነው። ስለዚህ በጋሼ ድምዳሜ እስማማለሁ፤ የስኒው አፍ ሞላላ ብቻ ነው በሚለው ግን አልስማማም። ማዕዱ ሙሉ እንዲሆን ክብ አድርጎ የሚሥለውም ሰው ያየውን ያውቃል።

---

ጀሶና ከሰል

@ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ፦ ልጄ፣ ይህንን በደንብ ተናግረሃል። ተማሪ ክብን እያወቀ ሲመርጥና ሳያውቅ ሲሥል ልዩነቱ ይታያል። ሁለቱንም መንገድ የሚያውቅ ሠዓሊ ብናፈራ ደስታውን አልችለውም።

---

አርክቴክት መምህር

በሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ፐርስፔክቲቭ አስተምራለሁ። ከሁለቱም ወገን የማልስማማበት ስላለ ልግባ።

አስቀድሞ ስለ አየር ላይ መስመር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና አውቶዴስክ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በእውነተኛ ገጽ ላይና በቨርቹዋል ሪያሊቲ አየር ላይ ሲነድፉ አወዳድረው ነበር። ለስሕተቱ አንዱ ዋና ምክንያት እጅ የሚያርፍበት ገጽ አለመኖሩ መሆኑን አገኙ። ጋሼ "አየር አይመልስም" ያሉትን በላቦራቶሪ ለክተውታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ተቀይሯል፤ ሎጂቴክ በ2024 ለክዌስት ያወጣው ኤምኤክስ ኢንክ የተባለ ብዕር ጫፉ ግፊት ስለሚያውቅ እውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መሥራት ይቻላል። ሲወጣ ዋጋው ግን ለብቻው 130 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለእኛ ክፍል አሁን የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መነጽሩ በእርግጥ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአድማስ መስመር ነው። ተማሪዎቼ "አድማስ በዐይን ልክ ነው" የሚለውን ሕግ በቃላቸው ይዘውታል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ዝም። በኦፕን ብራሽ ውስጥ እኩል ተራርቀው የሚሄዱ የመንገድ ጠርዞችን ራሳቸው እየተራመዱ እንዲሥሉ አደርጋለሁ፤ በግራና በቀኝ አንድ ቁመት ያላቸው ምሰሶዎች ይተክላሉ። ከዚያ መነሻው ላይ ቆመው ይመለከታሉ። ጠርዞቹ በሩቅ ይጠባሉ፤ ራሳቸው እኩል አድርገው እንደሣሏቸው ግን ያውቃሉ። "አሁን ቁጢጥ በሉ" እላለሁ። ሲወርዱ መገናኛ ነጥቡ አብሮ ይወርዳል፤ ምሰሶዎቹ ከራሳቸው በላይ ሲረዝሙ ያያሉ። ወንበር ላይ ሲወጡ ነጥቡ አብሯቸው ይወጣል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ ስንት ጊዜ አስረድቼ ያልገባው ተማሪ "እኔ ነኛ የማንቀሳቅሰው!" ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወረቀት ላይ እንዲሠራው አደርጋለሁ። ይህ ትምህርት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ሴሚስተር ሙሉ መነጽር ውስጥ መዋል አያስፈልገውም።

ሦስተኛውን እንደ ሐሳብ ብቻ ውሰዱት። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አቅጣጫ መዝግቧቸዋል። ከተማሪዎቻችን ላሊበላን በዐይኑ ያየ ስንት ነው? ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ 12 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከላይ ሆኖ መስቀሉን፣ ከታች ሆኖ ግድግዳውን ማየት ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎችን እንደ ማየት ነው። በፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ ተገኝቶ ተማሪው በውስጡ ቆሞ ቢያየው፣ ሄዶ ለማየት ለማይችል ሁሉ ትልቅ ነገር ነው።

---

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

ከመምህራን መካከል መግባቴን ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ስለ እኛ ስለሆነ ነው።

መነጽሩን ሞክሬዋለሁ። የጠቀመኝ ነገር እዚህ እስካሁን አልተነሣም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም የምሥለው ከእጄ አንጓ ነበር፤ ትንሽ፣ ጠባብ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ። መምህሬ "ከትከሻህ ሥራ" ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሰውነቴ አያውቀውም ነበር። አየር ላይ ግን ከአንጓ መሥራት አይቻልም፤ ቁመቴን የሚያህል መስመር ለመሳብ ጉልበቴም ወገቤም መንቀሳቀስ ነበረባቸው። ወደ ትልቁ ወረቀት ስመለስ ክንዴ ተፈትቶ አገኘሁት። በተጨማሪም ወረቀት ማበላሸት አልፈራሁም፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ።

የጎዳኝም አለ። በስቱዲዮ መምህሬ ከኋላዬ ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ያያሉ፣ ከዚያ በወረቀቴ ጥግ ላይ በራሳቸው ከሰል ትንሽ አድርገው ትከሻው እንዴት ከአንገት እንደሚነሣ ይነድፉልኛል። እነዚያን የጥግ ንድፎች ቆርጬ አስቀምጫቸዋለሁ። መነጽር ውስጥ ሳለሁ ማንም አልመጣም። ምስሉ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ እኔ ራሴን በነቀነቅሁ ቁጥር ግን አብሮ ስለሚናጥ መምህሩ ማየት ታከታቸው። ዕርማት የሌለበት ክፍል ለእኔ ክፍል አይደለም።

---

ዲዛይነር ከለንደን

@የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ስለ ዕርማቱ የተናገርከው እውነት ነው። መፍትሔ ቢጤ አለው። ተማሪው ሥራውን አስቀምጦ ሲወጣ መምህሩ ራሱ መነጽሩን አጥልቆ በሥራው ውስጥ ቆሞ፣ በሌላ ቀለም ዕርማቱን ቢሥልበት ያንተ የጥግ ንድፍ በሙሉ መጠኑ እዚያ ይቆይሃል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለአርባ ተማሪ የሚሆን አይደለም። ለአምስትና ለስድስት ግን ይሆናል።

---

ጀሶና ከሰል

የአርክቴክቱን ሦስተኛ ሐሳብ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ ስመላለስበት አደርኩ። ስለ ጠፍጣፋው ገጽ ካልኩት አንዲት ቃል አላነሣም። ነገር ግን እስካሁን ሁላችንም መነጽሩን እንደ እርሳስ ቆጥረን ነው የተከራከርነው። አይተን እንደምንነድፈው ሞዴል ብንቆጥረውስ?

በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ኦራስ ለኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል የንድፍ መምህር ነበር። ቀራጺው ሮዳን፣ ሠዓሊዎቹ ፋንታን ላቱርና ለግሮ በእርሱ እጅ አልፈዋል። ዘዴው የትዝታ ንድፍ ነበር፤ ተማሪው ነገሩን አትኩሮ ያያል፣ ያጠናል፣ ከዚያ ነገሩ ከፊቱ ይወሰድና ከአእምሮው ይነድፈዋል። ከቀላል ነገር ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ይሸጋገራል። በቦታ፣ በጊዜና በሞዴል እጥረት የተነሣ ይህንን ዘዴ ብዙዎቻችን ትተነዋል።

አሁን መነጽሩን ተመልከቱት። ዐይንን ይሸፍናል። ተማሪው በውስጡ ሆኖ ወረቀቱን አያይም፤ ሁላችንም እንደ ጉድለቱ የቆጠርነው ይህንን ነው። ለትዝታ ንድፍ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው! ተማሪው የአንድን የጀሶ ራስ ወይም የቤተ ጊዮርጊስን ግድግዳ በመነጽሩ ውስጥ ዙሪያውን ይዞር፣ ይለካ፣ ይመርምር፤ ምንም አይሣል። ከዚያ ያውልቅ፤ ወደ ወረቀቱ ይሂድ፤ አንድ ቦታ መርጦ ከዚያ ሆኖ እንዳየው በከሰል ይንደፍ። ጠፍጣፋው ላይ የማውረዱ ሥራ ወደ እጁ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩ ሊሠራለት አይችልም፤ ምስሉ ከዐይኑ ርቋልና። ከነደፈ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይግባና መርጦ በነበረው ቦታ ቆሞ ያመሳክር። የት እንደሳተ ራሱ ያየዋል።

በዚህ መንገድ ከሆነ አንድ መነጽር ለብዙ ተማሪ ይበቃል፤ አንዱ ሲያይ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ናቸው።

---

የንድፍ መምህርት

ጋሼ፣ ይህ ለእኔ የጎደለኝ ነበር። የሁላችሁንም ደጋግሜ አንብቤ ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበውን እንዲህ አስቤዋለሁ፤ ተቃውሞ ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለሥዕል ማቆሚያ፣ ለጀሶ ቅርጽ፣ ለመብራትና ለወረቀት ይውላል። መነጽር ሁለት ብቻ እንገዛለን፤ በርካሹ ዓይነት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ያለ መነጽር ያልፋል፤ ስኒ፣ ጀበና፣ መሶብ፣ ወንበር፣ የጀሶ ራስ። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ የአርክቴክቱን የአድማስ ትምህርት በትናንሽ ቡድን እንሰጣለን። ከዚያ የጋሼ የትዝታ ንድፍ በየሳምንቱ ይቀጥላል። የምናሳያቸውን ቅርጾች ከራሳችን ስብስብ በስልክ ፎቶ ዙሪያውን አንሥተን በኮምፒውተር ወደ ሦስት አቅጣጫ ምስል መለወጥ እንደሚቻል የላብ ባለሙያችን ነግሮኛል፤ ስለዚህ ከሩቅ ፈቃድ እስኪመጣ አንጠብቅም። ውጤት የሚሰጠው በወረቀት ላይ ባለው ሥራ ነው።

በመነጽር ዙሪያውን እየዞረች ጀበና ለሠራችው ተማሪዬ ግን ሌላ አስቤያለሁ። የቅርጻ ቅርጽ መምህሩን አነጋግሬዋለሁ፤ ሥራዋን አይቶ በእርሱ ክፍል በሸክላ እንድትቀጥል ፈቅዷል። በንድፍ ክፍል ደግሞ የራሷን ጀበና፣ ያንኑ አየር ላይ የሠራችውን፣ ከአንድ ቦታ ሆና በወረቀት እንድትነድፈው ሰጥቻታለሁ። የመጀመሪያው ሙከራዋ ላይ አፉ ክብ ነበር። እየሠራችበት ነው።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለኝ። ተማሪው በመነጽሩ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይመልከት?

---

የላብ ኃላፊ

ለዐይናቸውና ለማጥወልወሉ ስትዪ አጭር አድርጊው። በመነጽሩ ውስጥ ሌንሱ የተስተካከለው ለአንድ ርቀት ነው፤ ዕቃው ቅርብ ቢመስልም ዐይን የሚያተኩረው በዚያው ርቀት ላይ ነው፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቆዩ ዐይን ይደክማል፣ ራስም ያምማል። አሥር ደቂቃ አይብለጥ። ሁለት መነጽር ለክፍላችሁ ይበቃል፤ ሦስተኛ ከምትገዙ ትርፍ ባትሪና የሚታጠብ የፊት ስፖንጅ ግዙ።

---

ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ

መምህርት፣ ከፈቀድሽ አንድ ልመና። ከትዝታ ንድፉ በአንዱ ሳምንት "ከአንድ ቦታ" የሚለውን ሕግ አንሺላቸው። ያዩትን ቅርጽ ከሁሉም ወገን አስታውሰው ዋናው ነገር እንዳይሸፈን አድርገው በአንድ ወረቀት ላይ ይሣሉት፤ አባቶቻችን ማዕዱን እንደዘረጉት። ዙሪያውን ዞረው ያዩት ከሆነ የሚመርጡት ነገር ይኖራቸዋል።

---

የንድፍ መምህርት

@ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ፦ ተቀብያለሁ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ሳምንታት ላይ አስገባዋለሁ። ከቻልክ ያን ሳምንት መጥተህ አብረኸኝ ብታርም ደስ ይለኛል።

---

ጀሶና ከሰል

የደቂቃው ነገር ተመልሷል። እኔ የምጨምረው ስለ ብርሃኑ ነው። በስልክ ፎቶ ስታነሡ ጀሶውን ከአንድ ወገን ብቻ አብሩለት፤ ከግራ ከፍ ብሎ ይሁን። ከየአቅጣጫው ብርሃን የፈሰሰበት ቅርጽ ጥላ የለውም፤ ጥላ ከሌለው ተማሪው ወደ ወረቀቱ ሲመለስ የሚያስታውሰው ጠርዙን ብቻ ነው። መብራቱንም ከቅርጹ ጋር አታዙሩት፤ ቅርጹ ይቁም፣ እናንተ ስልኩን ይዛችሁ ዙሩ። አፍንጫው በጉንጩ ላይ የሚጥለውን ጥላ ድንበሩ ሹል የሆነበትንና የሚሟሟበትን ቦታ ለይተው እንዲይዙ ንገሯቸው።